ሰፈሩ የሚያስታውሰው፣ ልጁ የማያስታውሰው

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ስለ በሽታው ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ያነሰ ያውቃል። በደቡብ ጎንደር፣ ስማዳ ውስጥ፣ ወገዳ አቅራቢያ ባለ አንድ የገጠር ግቢ ልጅ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። እናት ትጮኻለች። ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ወደ ልጁ አፍንጫ ያስጠጋል፤ ሌላው ለሃጩ እንዳይነካው ራቅ ብሎ ያማትባል። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ እጅና እግሩ ይረግባል፣ ትንፋሹ ይመለሳል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሲነቃ ራሱን ያመዋል፣ ምላሱ ቆስሏል፣ ልብሱ ረጥቧል። «ምን ሆኜ ነው?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ ከእሱ በቀር መልስ የሌለው ሰው የለም።

ረጋ ብለው ሲያስቡት ነገሩ ይገርማል። በሕይወቱ ከሚደርስበት ሁሉ ትልቁ፣ ስሙን የሚለውጥበት፣ ምናልባትም ትዳሩንና ትምህርቱን የሚወስንበት ክስተት የደረሰው በገዛ አካሉ ላይ ነው፤ ትዝታው ግን የሌላ ሰው ነው። ምክንያቱ ምስጢር የለውም። በአንጎል ውስጥ የነርቭ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ከልክ በላይ ሲተኩሱና ይህ ወደ ሁለቱም የአንጎል ክፍሎች ሲዛመት ሰውየው ራሱን ይስታል፤ አዲስ ነገር የሚመዘግበው የአንጎል ክፍልም አብሮ ከሥራ ይወጣል። ያልተመዘገበ ነገር ደግሞ ቆይቶም አይታወስም። ስለዚህ ልጁ ስለ ራሱ የሚያውቀው ሌሎች የነገሩትን ነው። የነገሩት ሰዎች ፈርተው ከነበረ የሚወርሰው ፍርሃታቸውን ነው።

ይህን ፍርሃት በኢትዮጵያ ገጠር በጥናት ከመዘገቡት ቀዳሚዎቹ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ፕሮፌሰሩ ለጎንደር እንግዳ አይደሉም፤ ጓያ እግሩን ያሽመደመደውን ገበሬ ፍለጋ ደንቢያና ፎገራ ወርደዋል። የሚጥል በሽታን ያጠኑት ግን በቡታጅራ ዙሪያ ነው። ወደ 61 ሺህ በሚጠጋ ሕዝብ መካከል ቤት ለቤት ተዙሮ የተገኘው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲታተም፣ ከ1000 ሰው 5.2 የሚሆነው በሽታው እንዳለበት አሳየ። ይህ መጠን ለስማዳና ለጎረቤቱ ለጋይንትም ይሠራል ብንል፣ 100 ሺህ ሕዝብ ባለበት ወረዳ ከ500 የማያንስ ሕመምተኛ አለ ማለት ነው። በሽታው በአብዛኛው የሚጀምረው በልጅነትና በጉርምስና ስለሆነ ብዙዎቹ ሲወድቁ የተማሪ ዕድሜ ላይ ናቸው። ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ። የዚያው ቡድን የአመለካከት ጥናት ደግሞ በሽታውን ከክፉ መንፈስ የሚያያይዘውና በሚጥልበት ሰዓት የነካው ሰው ይጋባበታል ብሎ የሚያምነው ብዙ መሆኑን መዘገበ። ምድጃ ላይ የወደቀ ልጅ ፈጥኖ የሚያነሳው ሰው የሚያጣውም በዚሁ እምነት ነው። የሚጥል በሽታ በመንካት እንደማይተላለፍ መናገር ዛሬ የታወቀ ነገር ይመስላል፤ እሳት አጠገብ ግን ገና መነገር አለበት።

እስካሁን የተባለው ስለ መጣሉ ነው። ልጁ ሳይወድቅ በሚውልባቸው ቀናት፣ ማለትም በአብዛኛው ዕድሜው፣ ትዝታው እንዴት ነው?

ይህን ጥያቄ በዚህ አገር መጠየቅ የተለየ ክብደት አለው። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ሰው በቃሉ በያዘው የሚመዘንበት ምድር ነው። ድጓ የሚያስመሰክር ደብተራ ወደ ጋይንቷ ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚያስመሰክር ዙር አምባ ይወጣል። ከዚያ ከፍታ እጅግ በታች፣ ከጎጆዎቹ ውስጥ፣ ደበሎ የለበሰው ሕፃን አለ። ቀን ንባብ ነው፣ ሌሊት የቃል ትምህርት። መብራት የለም፤ ለዚህ ትምህርት መጽሐፍም አያስፈልግም። የኔታ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ አንድ ቃል ይላል፤ ልጁ ተቀብሎ ይላል። ሁለተኛው ይጨመራል፣ ሦስተኛው ይጨመራል፣ ሐረጉ ይሞላል። በማግስቱ የትናንቱን ሳያስረክብ የዛሬውን አይቀበልም። ያዝ ያደረገ ልጅ «ቀለም ይገባዋል» ይባላል። ያልያዘውን የሚጠራበት ቃል ብዙ ነው፤ አንዱም ደግ አይደለም።

ቀለም እንዲገባ የማይደረግ ነገር አልነበረም። ስለ አብሾ ያልሰማ የአብነት ተማሪ የለም። ብዙዎች አጤ ፋሪስ ከሚባለው ተክል ይሠራል የሚሉት ይህ መጠጥ አንዱን ሊቅ ሌላውን እብድ ያደርጋል ይባላል፤ ዛሬም ከልክ ያለፈ ብልህ ወይም ቁጡ ሰው ሲታይ «አብሾ ጠጥቷል እንዴ?» የሚለው አለ። የተክሉ ዘር አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ኃይለኛ ንጥረ ነገሮች አሉት። የትዝታ ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ስኮፖላሚንን ለጤነኛ በጎ ፈቃደኞች የሚሰጡት የማስታወስ ችሎታቸውን ለጥቂት ሰዓት ለማዳከምና መርሳት እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ነው። መጠኑ ሲበዛ ያቃዣል፣ ያንዘፈዝፋል፣ ይገድላልም። ቀለም እንዲገባው ተብሎ የተጠጣው ነገር ላብራቶሪ ውስጥ የሚፈለገው ቀለም እንዲያጠፋ ነው።

አሁን ወደ ተመራማሪዎቹ። የትዝታ ሳይንስ ለአንድ የሚጥል በሽታ ለነበረበት ሰው ትልቅ ዕዳ አለበት። ሄንሪ ሞሌይሰን የሚባለው አሜሪካዊ በሽታው የጀመረው በልጅነቱ ነው፤ ወጣት ሲሆን ሥራ መሥራት እስኪያቅተው ድረስ ባሰበት። እ.ኤ.አ. በ1953፣ የ27 ዓመት ሰው ሳለ፣ ዊሊያም ስኮቪል የተባለው ቀዶ ሐኪም በግራም በቀኝም ከጆሮ ገጽ ወደ ውስጥ የሚገኘውን የአንጎሉን ክፍል፣ ሂፖካምፐስ የሚባለውን ጨምሮ፣ ቆርጦ አወጣ። መጣሉ ቀነሰለት። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን አዲስ ነገር አልያዘም። ያስተዋወቁትን ሰው ከክፍሉ ወጥቶ ሲመለስ አያውቀውም፤ ምሳ መብላቱን ይረሳል። ከሞንትሪያል እየተመላለሰች ያጠናችው ብሬንዳ ሚልነር በየጊዜው ራሷን እንደ አዲስ ታስተዋውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በ82 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ የሕክምናው ዓለም የሚያውቀው በስሙ ሁለት ፊደላት ብቻ ነው።

ሚልነር አንድ ቀን ኮከብ የተሣለበት ወረቀት ሰጠችው። ደንቡ እጁን ሳያይ በመስታወት ውስጥ እያየ በኮከቡ ዙሪያ መስመር ማስመር ነው። የሞከረው ሰው ያውቃል፤ እጅ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። ሄንሪም እንደማንኛውም ሰው ተሳሳተ፤ ደጋገመ፤ በሦስተኛው ቀን እጁ ቀና። ይህን ሥራ ከዚህ በፊት ሠርቶ እንደሚያውቅ ግን አንድም ቀን አላስታወሰም። እጁ ተምሯል፤ እሱ አልሰማም። ትዝታ አንድ ነገር አለመሆኑ፣ ለእጅ ሥራና ለቀኑ ውሎ አንጎል የተለያየ መንገድ እንዳለው፣ በዚያች ኮከብ ላይ ታየ። አንድ ልጅ ቃል አይዝም ተብሎ ከየኔታ ቤት ሲባረር፣ እርሻ ወይም ሽመና ከማንም ሳያንስ መማሩ ለምን እንደማያስደንቅም በከፊል ያስረዳል።

ለልጆች ይበልጥ የሚቀርበው የፋራኔህ ቫርጋ-ኻዴም ሥራ ነው። ለንደን ውስጥ የልጆችን አንጎል ስታጠና የኖረችው ይህች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ከባልደረቦቿ ጋር «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ስለ ሦስት ወጣቶች ጻፈች። ሦስቱም በሕፃንነታቸው ወይም በልጅነታቸው ሂፖካምፐሳቸው ተጎድቷል። በጽሑፎቹ ጆን እየተባለ የሚጠራው ወሩ ሳይሞላ የተወለደ ነው፤ በአራት ዓመቱ ሁለት ጊዜ አንዘፈዘፈው፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወላጆቹ ልጁ የዋለበትን እንደማያስታውስ አስተዋሉ። መንገድ ይጠፋዋል፣ ቀጠሮ ይረሳል፣ ትናንት ማን እንደመጣ አይነግርህም። ሦስቱም ግን ከእኩዮቻቸው ጋር መደበኛ ትምህርት ቤት ገብተው ማንበብና መጻፍ ቻሉ፤ ስለ ዓለም የሚያውቁት ዕውቀት ከሌላው ልጅ እምብዛም የራቀ አልነበረም። ዕውቀቱን የተማሩበትን ቀን ሳያስታውሱ ዕውቀቱን ይዘዋል።

ይህ በአብነት ትምህርት ቤት ዓይን ሲታይ ልዩ ፈተና ነው። በቤተ ክህነት ዕውቀት ባለቤት አለው። «ከማን ተማርክ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መምህሩ ይጠራል፣ የመምህሩ መምህር ይጠራል፣ ትውልዱ ተቆጥሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጆን ከዚያ ጉባኤ ቢቀመጥ ምናልባት ቃሉን ይወጣዋል፤ ቃሉን የሰጠውን ሌሊት፣ ጎጆውንና ድምፁን ግን አያገኘውም። ዐዋቂ ነው እንላለን ወይስ አይደለም? የእንግሊዙ ፈላስፋ ጆን ሎክ የሰውን ማንነት በኅሊናው ላይ አቁሞታል፤ አንድ ሰው ትናንት የነበረው ያው ሰው የሚሆነው ኅሊናው ወደ ትናንት እስከተዘረጋ ድረስ ነው። በሎክ ሚዛን ከምድጃው አጠገብ የወደቀው ልጅና ከእንቅልፉ የነቃው ልጅ በአንድ ክር አልተያያዙም። በስማዳ ሚዛን ግን ልጁ የእገሌ ልጅ ነው፤ ራሱን ባያስታውስ የሚያስታውሱት አሉ፤ ማንነቱ እነሱ ዘንድ ተቀምጦ ይቆየዋል። ይህ ሎክ ያላሰበው ጸጋ ነው። ዕዳም አለበት። የሚያስታውሱት ሰዎች ያቆዩለት ምንድን ነው? የወደቀበትን ሦስት ደቂቃ ነው ወይስ የቀረውን ዓመት?

ወደ ቃሉ ትምህርት እንመለስ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ልጁ ረስቷል የሚባለው መቼ ተጠይቆ ነው?

ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ልጆች ከጤነኛ እኩዮቻቸው ጋር አወዳደሩ። የተማሩትን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲጠየቁ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ሕመምተኞቹ ይበልጥ ረስተው ተገኙ። እንዲህ ያለው የተፋጠነ መርሳት በአዋቂ ሕመምተኞችም ታይቷል። ትልቁ ነገር መርሳቱ አይደለም፤ የሐኪሙ ፈተና ሳያየው ማለፉ ነው። የተለመደው የትዝታ ፈተና ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ይጠይቃል፤ ልጁ ይመልሳል፤ ወረቀቱ ላይ «ደኅና ነው» ተብሎ ይጻፋል። እናቱ «ኧረ የያዘው ሁሉ ይጠፋበታል» ስትል የሚሰማት የለም። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ የጠየቁበት ሰዓት ነው የተለያየው።

የኔታስ? የየኔታ ሰዓት ከሐኪሙ ይሻላል። መጀመሪያ በማግስቱ ይጠይቃሉ፤ አንድ እንቅልፍ አልፏል ማለት ነው። ከዚያም ውዳሴ ማርያም አለ። ውዳሴው ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው፤ የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ ይደርሳል። የሰኞውን የያዘ ልጅ ሳይፈልግም በሳምንቱ ሰኞ እዚያው ቃል ላይ ይገኛል። የግላስጎው ሰዎች አስበው ያበጁት የሳምንት ፈተና እዚህ በጸሎቱ ሥርዓት ውስጥ ተቀምጧል። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ በዚያኛው ሰኞ ቃሉ የጠፋበት ልጅ ሲገኝ የሚሰጠው ስም። ማክሰኞ ጠዋት አጥርቶ ያለውን ነገር በሳምንቱ ሰኞ ያጣ ልጅ ለመምህሩ ያልታመመ፣ ሰነፍ ነው። «ችለኸው አልነበር!» ይባላል። አለንጋው የሚመጣው ከዚህ አረፍተ ነገር ቀጥሎ ነው። በአስኳላውም ቤት ቢሆን አለንጋው ቀረ እንጂ አረፍተ ነገሩ አልቀረም።

የመርሳቱ ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ እንቅልፍ ግን በብዙዎቹ ምክንያቶች ውስጥ አለ። ቀን የተማርነው በእንቅልፍ ጊዜ በአንጎል ውስጥ ተደግሞ ይጠናከራል፤ ሂፖካምፐስ ለዚህ ሥራ ዋነኛው ነው። በአንዳንድ ልጆች የሕመሙ ብልጭታ የሚበዛው በዚያው ሰዓት ነው፤ ውጭ ለሚያየው ልጁ በሰላም ተኝቷል። እንዲያውም አንጎላቸው በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ያለማቋረጥ ለማለት በሚቻል ሁኔታ የሚበጠበጥባቸው ልጆች እንዳሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1971 ጽፈዋል፤ እነዚህ ልጆች ሳይወድቁ የያዙትን ትምህርት፣ አንዳንዴ ቋንቋቸውን ሳይቀር፣ እየለቀቁ ይሄዳሉ። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ በራሱ መጣልን ይጠራል። ሌሊት ቃል ሲቀጽል አምሽቶ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ አኩፋዳውን ይዞ ውሻ እየከለከለ ቁራሽ ሲለምን የሚውል ተማሪ ስንት ሰዓት ይተኛል? ለጤነኛው ልጅ የጽናት ትምህርት የሆነው ነገር ለዚህኛው በሽታ ቀስቃሽ ነው።

ሌላም አለ፣ የማይጥል የሚጥል በሽታ። ልጁ አይወድቅም፣ አይንዘፈዘፍም። ለአሥር ሰከንድ ያህል ዓይኑ ፈጦ ይቀራል፤ ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል። በቀን ደርዘን ጊዜና ከዚያም በላይ ሊመላለስበት ይችላል። ሁለተኛ ክፍል ውስጥ የቃል ጽሕፈት ሲሰጥ አስቡት። መምህሯ «ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ወደ እርሻው ሄደ» ትላለች። ሌላው ሁሉ ይጽፋል። የእሱ ደብተር «ገበሬው በሬዎቹን ሄደ» ይላል። መምህሯ ትቀልዳለች፣ ክፍሉ ይስቃል። ይህ የመርሳት ችግር አይደለም፤ መሃል ያለው ቃል ከመጀመሪያውም አልገባም። ለዚህ ዓይነቱ የሚሆን መድኃኒት አለ። ለሌላው ዓይነት በየጊዜው የሚታዘዘው ካርባማዜፒን ግን ይህኛውን ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ የመምህሯ ደብተር፣ በትኩረት ከታየ፣ ለሐኪም የሚጠቅም ሰነድ ነው።

ትዝታን የሚለካው መሣሪያስ ምን ያህል ይታመናል? በዓለም ላይ ብዙ ከሚሠራባቸው አንዱ የስዊዘርላንዱ አንድሬ ሬይ ስም የተሰጠው የ15 ቃላት ዝርዝር ነው። ቃላቱ አምስት ጊዜ ይነበባሉ፤ ልጁ በየጊዜው ያስታወሰውን ይላል። የእንግሊዝኛው ዝርዝር የሚጀምረው በከበሮ፣ በመጋረጃና በደወል ነው፤ ወረድ ሲል ቡና፣ ገበሬና ወንዝ አሉበት፤ ቱርክ ዶሮም አለ። ቃላቱ የተመረጡት እርስ በርሳቸው እንዳይገናኙ ተብሎ ነው። ይህን ዝርዝር ሳይለውጡ ለስማዳ ልጅ ቢያነቡለት ምን ይሆናል? ከበሮ፣ መጋረጃና ደወል ሦስቱም አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ናቸው። ልጁ ሦስቱን ባንድ ላይ አስሮ ይይዛል፤ የለንደኑ ልጅ በጭንቅ የያዘውን እሱ ያለ ድካም ያገኘዋል። ቱርክ ዶሮው ላይ ሲደርስ ደግሞ ይደናቀፋል፤ የተደናቀፈው ግን ትዝታው አይደለም፤ ወፉን አያውቀውም። ውጤቱ ተደምሮ ሲመጣ ቁጥሩ ትክክል ይመስላል፤ የለካው ግን ማስታወስን ብቻ አይደለም። በኬንያ ኪሊፊ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህን ቀድመው ስላዩ ከከባድ ወባ የተረፉ ልጆችን አእምሮ ለመለካት ሲነሱ የፈተናውን ዕቃ፣ ሥዕልና ቃል ከልጆቹ ኑሮ እያወጡ እንደገና ሠሩት። ወባ ወዳለበት ወደ አባይና ወደ በሽሎ ቆላ ለሚወርድ የጋይንትና የስማዳ ሰው የኪሊፊ ልጆች ታሪክ ሩቅ አይደለም። አንጎል ላይ የወጣ ወባ፣ ማጅራት ገትር፣ በምጥ ጊዜ አየር ያጣ አራስ፣ ከዛፍ መውደቅ፤ ከነዚህ እያንዳንዱ ለመጣልም ለመርሳትም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚረሳ ልጅ ሲገኝ ጥፋተኛው መጣሉ ራሱ ነው ወይስ ከመጣሉም በፊት የነበረው ጉዳት? ብዙ ጊዜ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

መድኃኒቱም ሦስተኛ ተከሳሽ ሆኖ ይመጣል። በገጠር ጤና ጣቢያ በብዛት የሚገኘው ፌኖባርቢታል ነው። ጀርመናዊው አልፍሬድ ሃውፕትማን እ.ኤ.አ. በ1912 ለዚህ በሽታ እንደሚሆን ካሳየ ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ፣ በቀን አንዴ የሚዋጥ፣ እጅግ ርካሽ ክኒን ነው። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፤ ልጅ ያደነዝዛል፣ አንዳንዱን ደግሞ ያቅበጠብጣል። በአሜሪካ በትኩሳት ጊዜ አንዘፍዝፏቸው በነበሩ 217 ሕፃናት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት፣ ሁለት ዓመት ፌኖባርቢታል የታዘዘላቸው ልጆች የአእምሮ ፈተና ውጤት መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ከተሰጣቸው ልጆች በአማካይ 8.4 ነጥብ ዝቅ ማለቱን አሳየ። ይህን ያነበበ የአዲስ አበባ ወላጅ መድኃኒቱን ይጥላል። በሌላ ወገን እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ፣ በሕንድ ገጠር በ94 ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ ፌኖባርቢታልን ከፌኒቶይን ጋር አወዳድሮ በልጆቹ ጠባይ ላይ የተለየ ጉዳት አላገኘበትም። የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት ብዙዎቹ መድኃኒቱ ባይሰጣቸውም የማይጎዱ ነበሩ። የሁለተኛዎቹ አማራጭ ግን መጣል ነበር። ወገዳ ላይ ያለው ልጅ የሚመሳሰለው ከሁለተኛዎቹ ጋር ነው። ለእሱ የሚነሳው ጥያቄ ክኒኑ ምን ያህል ያደነዝዛል የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ክኒኑ ከቀረ ስንት ጊዜ ይወድቃል፣ ከትምህርት ቤት ስንት ቀን ይቀራል፣ ስንት ጊዜስ ይቃጠላል የሚለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከሕሙማኑ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ተገቢውን መድኃኒት ቢያገኙ ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ።

ማግኘቱ ነው ነገሩ። ከጎንደርና ከጅማ የተነሱ ሐኪሞች፣ በጎንደር በኩል ዶክተር ሽታዬ ዓለሙ የሚገኙበት ቡድን፣ የሚጥል በሽታ ሕክምና ከትልቁ ሆስፒታል ወጥቶ በገጠር ጤና ጣቢያ በነርሶች እጅ ሊሰጥ እንደሚችል ሠርተው አሳይተዋል። ሕክምናውን ጀምረው የሚያቋርጡት ብዙዎች እንደነበሩም አልደበቁም፤ ርቀት ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ርቀቱ ይረዝማል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የላይ ጋይንቷ ንፋስ መውጫ በጦርነት ስትያዝ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭትም መንገዱን፣ ጤና ጣቢያውንና ትምህርት ቤቱን በየተራ ዘግቷል። የደም ግፊት ክኒን ለሳምንት ቢቋረጥ ሕመምተኛው ላያውቀው ይችላል። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ግን መጣሉ ከበፊቱ ብሶ ሊመጣና ሳያቋርጥ ሊደጋገም ይችላል፤ እንዲህ ያለው መጣል ሂፖካምፐስን ራሱን ይጎዳል። በዚህ አገር የመንገድ መዘጋት የልጅ ትዝታ ጉዳይ ሆኖ ያርፋል።

እስካሁን ስለ ልጆች የማስታወስ ችሎታና ስለ ሚጥል በሽታ የተጻፈው በአብዛኛው ማሽን፣ የአንጎል ሥዕልና የሥነ ልቦና ባለሙያ ካሉበት ከተማ የወጣ ነው። ጋይንት ላይ ለሚጀምር ሰው ግን ብዙ ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። የፈተናውን ቃላት ከየኔታና ከሁለተኛ ክፍል መምህሯ ጋር ተቀምጦ መምረጥ ይቻላል፤ ቱርክ ዶሮው ይወጣል፣ ከበሮና ደወል ይለያያሉ። የልጁን ዕለታዊ ውሎ ታላቅ እህቱ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ መቼ እንደፈዘዘ፣ መቼ እንደወደቀ፣ ምን ያህል እንደተኛ እሷ ትቆጥራለች። ከሳምንት በኋላ ልጁን መልሶ ማግኘት የሚባለው፣ ከተማ ውስጥ ተመራማሪን ሁሉ የሚያደክመው ጣጣ፣ እዚህ ከገበያው ጋር ይሄዳል። የታች ጋይንቷ ከተማ አርብ ገበያ ናት፤ አባትየው በአንዱ አርብ ጤፉን ጭኖ ሲወጣ ልጁን ያስከትላል፣ 15ቱ ቃላት ይነበቡለታል፣ በሚቀጥለው አርብ ይጠየቃል። ቃላቱን ያነበበው የጤና ባለሙያ በዚያው ቀን የወሩን ክኒን ቆጥሮ ለአባትየው ይሰጣል፣ ልጁ እሳት አጠገብ ብቻውን እንዳይቀመጥና ሌሊት እንዲተኛ ይነግራል፤ ከሳምንት በኋላ የጠፉትን ቃላት ደግሞ ለመምህሯ በወረቀት ይልክላታል።